በመቀጥቀጥ የሚሠሩ የጎልፍ ዱላዎች፡ የተጫዋቾች ተሞክሮና ከጀርባው ያለው እውነታ

የጎልፍ ስፖርት ከስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ ሜዳዎች ተነስቶ ዛሬ በአምስቱም አህጉራት የሚዘወተር፣ ከ112 ዓመታት መቋረጥ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ዲ ጄኔሮ ወደ ኦሊምፒክ መድረክ የተመለሰ የስፖርት ዓይነት ነው። ጎልፍን ከሌሎች ስፖርቶች ከሚለዩት ነገሮች አንዱ ተጫዋቹ በአንድ ውድድር እስከ 14 የሚደርሱ የተለያዩ ዱላዎችን ይዞ እንዲገባ የሚፈቀድለት መሆኑ ነው። የእግር ኳስ ተጫዋች በራሱ እግር፣ ሯጭም በራሱ ጉልበት ሲተማመን፣ የጎልፍ ተጫዋች ግን ከችሎታው ባሻገር በእጁ በያዘው መሣሪያ ላይ የሚጥለው እምነት ከፍተኛ ነው።

ይህ እምነት ጎልቶ ከሚታይባቸው ሁኔታዎች አንዱ ተጫዋቹ በመቀጥቀጥ የተሠሩ አዳዲስ የብረት ዱላዎችን በሚገዛበት ጊዜ ነው። እነዚህን ዱላዎች ገዝተው መጫወት የጀመሩ ሰዎች በብዛት የሚሰጡት ምስክርነት ተመሳሳይ ነው። ኳሷ በመምቻው እምብርት ስትመታ የሚሰማው ስሜት «ለስላሳ» መሆኑን ይገልጻሉ፤ ብዙዎቹም ስሜቱን በቅቤ ይመስሉታል። ብረት እንዴት ለስላሳ ሊባል ይችላል? የተጫዋቾቹ ምስክርነት እውነት ከሆነስ ምንጩ የብረቱ አሠራር ነው ወይስ ሌላ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች መመርመርና መሣሪያን በተጠቃሚው ተሞክሮ ለመመዘን የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ ማመላከት ነው።

የአይረን ዱላ ምንነት

ከ14ቱ ዱላዎች መካከል ከግማሽ የማያንሱት «አይረን» በመባል ይታወቃሉ። ራሳቸው ከብረት የሚሠራ ሲሆን በአብዛኛው ከ3 ወይም ከ4 እስከ 9 ባለው ቁጥር ይለያሉ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘንጉ ይረዝማል፣ የመምቻው ፊት ቀጥ ይላል፣ ኳሷም ዝቅ ብላ ሩቅ ትሄዳለች። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ደግሞ ዘንጉ ያጥራል፣ ፊቱ ወደ ኋላ ይበልጥ ያዘነብላል፣ ኳሷም ከፍ ብላ በቅርብ ርቀት ታርፋለች። የመምቻው ፊት ወደ ኋላ ያዘነበለበት ማዕዘን በተጫዋቾች ዘንድ «ሎፍት» ይባላል።

የ7 ቁጥር አይረን ራስ ክብደት በአማካይ 270 ግራም ገደማ ሲሆን፣ የምትመታው ኳስ በደንቡ መሠረት ከ45.93 ግራም መብለጥ የለባትም። ራሱና ኳሷ ተገናኝተው የሚቆዩት ለግማሽ ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ተጫዋቾች «ለስላሳ» ወይም «ደረቅ» በማለት የሚፈርዱት ስለዚህች ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ስላነሰች ቅጽበት ነው።

መቀጥቀጥና ማቅለጥ

የአይረን ራስ በዋነኛነት በሁለት መንገድ ይሠራል። የመጀመሪያው መቀጥቀጥ ነው። በዚህ ዘዴ አነስተኛ የካርቦን መጠን ያለው የብረት ዘንግ እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ከጋለ በኋላ በሁለት የብረት ፎርማዎች መካከል ገብቶ በከባድ መዶሻ ወይም በማተሚያ ኃይል ተደጋግሞ ይመታል። በጠርዙ የተረፈው ብረት ይቆረጣል፤ ከዚያም ባለሙያው በሞረድ ቅርጹን ያስተካክልና ክብደቱን ያመዛዝናል። በመጨረሻም ዝገትን እንዲከላከል በኒኬልና በክሮም ይለበጣል። በጃፓን በስፋት የሚሠራበት የብረት ዓይነት 0.25 በመቶ ገደማ ካርቦን የያዘ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ማቅለጥ ነው። በቅድሚያ የዱላው ራስ ምስል በሰም ይቀረጻል። ሰሙ ሙቀት በሚችል የሸክላ ቅብ ከተሸፈነ በኋላ ቀልጦ እንዲወጣ ይደረጋል፤ በለቀቀው ክፍት ቦታም የቀለጠ ብረት፣ በአብዛኛው የማይዝግ ብረት ይፈስበታል። ሲቀዘቅዝ ሸክላው ተሰብሮ የተዘጋጀው ራስ ይወጣል።

ሁለቱም ጥበቦች ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደሉም። በወናፍ ያጋለውን ብረት በመስፍ ላይ አድርጎ ማረሻ የሚያወጣው የገጠር ባለእጅ የሚሠራው በመጀመሪያው መንገድ ነው። በሰም ተቀርጸው ከመዳብና ከናስ የሚወጡት ጥንታዊ የኢትዮጵያ የመስቀል ሥራዎች ደግሞ የሁለተኛው መንገድ ውጤቶች ናቸው። ማረሻውም ሆነ መስቀሉ በየራሱ ዘዴ ለተፈለገበት ዓላማ የዋለ በመሆኑ፣ አንዱ ዘዴ በባሕርይው ከሌላው ይበልጣል ብሎ መደምደም አይቻልም። በጎልፍ ዓለም ግን ለረጅም ዓመታት እንዲህ ዓይነት ድምዳሜ ሲነገር ቆይቷል።

ከስኮትላንድ አንጥረኞች እስከ ጃፓን

የቅጥቀጣው ታሪክ የሚጀምረው ከስኮትላንድ አንጥረኞች ነው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የጎልፍ ኳስ በላባ የተሞላ የቆዳ ኳስ ስለነበረ የብረት ዱላ በቀላሉ ይቀደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1848 ገደማ ከጉታ ፐርቻ የዛፍ ሙጫ የተሠራው ጠንካራ ኳስ ሲመጣ ሁኔታው ተለወጠ። የብረት ዱላ ተፈላጊነት ጨመረ፤ የመንደር አንጥረኞችም ከፈረስ ጫማና ከእርሻ መሣሪያ ጎን ለጎን የጎልፍ ዱላ መቀጥቀጥን ራሱን የቻለ ሙያ አደረጉት። ከእነዚህ መካከል በሴንት አንድሩስ ከተማ ይሠራ የነበረውና ሥራውን በፒፓ ምልክት ያትም የነበረው ቶም ስቱዋርት በስፋት ይታወቃል።

በጃፓን ደግሞ በሂዮጎ ክፍለ ግዛት የሚገኙት የሂሜጂና የኢቺካዋ አካባቢዎች እ.ኤ.አ. ከ1930 ገደማ ጀምሮ የአገሪቱ የጎልፍ ዱላ ሥራ መነሻ ሆነዋል። አካባቢው የቆየ የብረት ሥራ ልምድ ያለው በመሆኑ ጥበቡ በቀላሉ ሥር ሊሰድ ችሏል። እ.ኤ.አ. በ1906 በኦሳካ የተመሠረተው ሚዙኖ ኩባንያም በሂሮሺማ በሚቀጠቀጡ ዱላዎቹ ዓለም አቀፍ ዝና አትርፏል።

በአሜሪካ የዚህን ሙያ ክብር ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ የቤን ሆጋን ነው። ሆጋን እ.ኤ.አ. በ1953 ሦስት ታላላቅ ውድድሮችን ያሸነፈ ዝነኛ ተጫዋች ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በቴክሳስ ፎርት ዎርዝ ከተማ በስሙ የዱላ ማምረቻ ድርጅት አቋቋመ። የመጀመሪያው ምርት ተዘጋጅቶ ሲቀርብለት ግን ካስቀመጠው የጥራት ደረጃ በታች ሆኖ አገኘው፤ ስለሆነም ከፍተኛ ገንዘብ የፈሰሰበት ምርት ለገበያ እንዳይቀርብ አደረገ። ውሳኔው ለድርጅቱ ከባድ ኪሳራ ቢያስከትልም፣ ቀጥሎ የወጡት ዱላዎች በጥራታቸው ለብዙ ዓመታት እንዲታመኑ ምክንያት ሆኗል።

የመሐንዲሱ ጥያቄ

በመቀጥቀጥ የተሠራ ዱላ ብቸኛው የጥራት መለኪያ ነው የሚለውን እምነት በተግባር የፈተነው ካርስተን ሶልሃይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 በኖርዌይ በርገን ከተማ ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደው ሶልሃይም በወጣትነቱ ጫማ ይጠግን ነበር፤ በኋላም በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ መሐንዲስ ሆነ። ጎልፍ መጫወት የጀመረው ከ40 ዓመት ዕድሜው በኋላ ሲሆን፣ ኳሷ እንደፈለገው ስላልሄደችለት ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ነው ወይስ የመሣሪያውም ጭምር ብሎ ጠየቀ።

የደረሰበት መልስ ቀላል የፊዚክስ እውነታ ነበር። የራሱ ክብደት በመሐል ሲከማች፣ ከእምብርቱ ውጭ የተመታች ኳስ ራሱን በቀላሉ ትጠመዝዘዋለች። ክብደቱ ወደ ጠርዙ ሲከፋፈል ግን ራሱ መጠምዘዝን ይቋቋማል፤ የተሳሳተ ምት የሚያደርሰው ጉዳትም ይቀንሳል። ይህን ቅርጽ በማቅለጥ ማውጣት በመቀጥቀጥ ከማውጣት ይቀላል። በዚህ መሠረት ሶልሃይም የመሠረተው ፒንግ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ያቀረበው «አይ 2» የተሰኘ ቀልጦ የተሠራ ዱላ እጅግ ተፈላጊ ከሆኑት ውስጥ አንዱ ለመሆን በቅቷል።

የሁለቱ ዘዴዎች ደጋፊዎች ክርክር በሜዳ ላይ የሰጠው ውጤት ትምህርት ሰጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የብሪታንያን ኦፕን ዋንጫ ያነሳው አሜሪካዊው ማርክ ካልካቬኪያ ይጫወት የነበረው በፒንግ ቀልጠው በተሠሩ ዱላዎች ነበር። በተከታዩ ዓመት ያንኑ ዋንጫ ያሸነፈው እንግሊዛዊው ኒክ ፋልዶ ደግሞ በሚዙኖ የተቀጠቀጡ ዱላዎች ይጫወት ነበር። በከፍተኛው ደረጃ በሁለቱም ዓይነት ማሸነፍ እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ተጫዋቾች ምን ይላሉ

አዳዲስ የተቀጠቀጡ ዱላዎችን መጠቀም የጀመሩ ተጫዋቾች የሚያካፍሉት ተሞክሮ በአራት ዋና ዋና ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛው ከላይ የተጠቀሰው የለስላሳነት ስሜት ነው። ኳሷ በእምብርቱ ስትመታ እጅ ምንም ተቃውሞ ያላጋጠመው እስኪመስል ድረስ ምቱ ይቀላል ይላሉ። በአንጻሩ ምቱ ከእምብርቱ ሲወጣ፣ በተለይም በቀዝቃዛ ማለዳ፣ ዱላው እጅን ክፉኛ እንደሚነዝር አይደብቁም።

ሁለተኛው ዱላው ለተጫዋቹ የሚሰጠው ግልጽ መልስ ነው። ኳሷ በጫፍ ወይም በተረከዝ በኩል መመታቷ ወዲያውኑ ስለሚታወቅ፣ ስህተትን ለይቶ ለማረም እንደሚረዳ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ይናገራሉ። ጀማሪዎች ግን ይኸው መልስ ቅጣት ሆኖባቸው በራስ የመተማመን ስሜታቸው እንደሚቀንስ ያስረዳሉ።

ሦስተኛው የርቀት ጉዳይ ነው። ቀድሞ በ7 ቁጥር ይደርሱበት የነበረው ቦታ በአዲሱ 7 ቁጥር የራቃቸው ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ አዲሱ ብረት ኃይል የለውም በማለት ወደ አሮጌው ሲመለሱ፣ ሌሎች ደግሞ ጥፋቱን በራሳቸው ጉልበት ላይ ያደርጋሉ።

አራተኛው የመሣሪያው ጉዳት ነው። በቦርሳ ውስጥ እርስ በርስ ሲጋጩ በራሶቹ ላይ ጭረትና ስርጉድ ይወጣል፤ ልባጡ በተነሳበት ቦታም ዝገት ይታያል። ለአዲስ ዱላ ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ይህን ሲያይ ማዘኑ አይቀርም።

ስሜቱ ከየት ይመጣል

እነዚህ ምስክርነቶች ሐሰት አይደሉም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ተሞክሮውን ከምክንያቱ ጋር በማያያዙ ላይ ነው። ተጫዋቹ «ለስላሳ ሆኖ ተሰማኝ» ሲል የሚናገረው ራሱ ስለሚያውቀው ነገር ነው። «ለስላሳ የሆነው ስለተቀጠቀጠ ነው» ሲል ግን ያልመረመረውን ምክንያት እየሰጠ ነው።

ቀደም ሲል እንደተገለጸው ኳሷ በመምቻው ፊት ላይ የምትቆየው ለግማሽ ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ንዝረቱ በዘንጉ በኩል እጅ ደርሶ፣ ከእጅም በነርቭ ወደ አንጎል ለመድረስ ከአሥር ሚሊ ሰከንድ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ተጫዋቹ ምቱን በሚያውቅበት ጊዜ ኳሷ ከዱላው ተለይታ ሄዳለች። «ስሜት» የምንለው ከእጅ ንዝረት፣ ከጆሮ ድምፅና ከኳሷ በረራ የተሰባሰበ መረጃ ነው ማለት ነው።

ከእነዚህ ውስጥ የድምፅ ድርሻ ብዙዎች ከሚገምቱት የላቀ ነው። በእንግሊዝ የሎፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ባደረጓቸው ጥናቶች፣ ተጫዋቾች ስለ ምቱ ስሜት የሚሰጡት ፍርድ ከምቱ ድምፅ ጋር የጠበቀ ዝምድና እንዳለው አመልክተዋል። ጥቅጥቅ ያለና ወፍራም ጀርባ ያለው ራስ የሚያወጣው ድምፅ ዝቅ ያለና ቶሎ የሚጠፋ ሲሆን፣ ስስ ፊትና ክፍት ጀርባ ያለው ራስ ግን የሚያቃጭል ድምፅ ያሰማል። ተጫዋቹ የመጀመሪያውን «ለስላሳ»፣ ሁለተኛውን «ደረቅ» ይለዋል። እዚህ ላይ ልዩነቱን የሚፈጥሩት በአመዛኙ የራሱ ቅርጽና የክብደቱ አከፋፈል ናቸው። በመቀጥቀጥ የሚሠሩት ዱላዎች ብዙውን ጊዜ ጥቅጥቅ ያሉ፣ ቀልጠው የሚሠሩት ደግሞ ጀርባቸው የጎደጎደ ስለሆኑ፣ የቅርጹ ውጤት ለአሠራሩ ይሰጣል።

ይህ ሲባል የተጫዋች ስሜት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ስለ ቦቢ ጆንስ ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ አለ። ጆንስ የዘመኑን አራት ታላላቅ ውድድሮች እ.ኤ.አ. በ1930 በአንድ ዓመት ያሸነፈ አማተር ነበር። ዱላዎቹን ይመርጥ የነበረው በእጁ እየመዘነ ነው። በኋላ ዘመን ዱላዎቹ በመሣሪያ ሲለኩ ከአንዱ በቀር ሁሉም የተመጣጠኑ ሆነው መገኘታቸው፣ ያ አንዱም በጨዋታ ዘመኑ ሁሉ ያስቸግረው የነበረው ዱላ መሆኑ ይነገራል። የሠለጠነ እጅ ልዩነትን ይለያል፤ የልዩነቱን መንስኤ ለማወቅ ግን መለኪያ ያስፈልጋል።

ቁጥሩ አንድ፣ ማዕዘኑ ሌላ

የርቀቱ ቅሬታ ከዚህም በቀለለ ሁኔታ ሊብራራ ይችላል። በዱላው ላይ የታተመው ቁጥር በየትኛውም ደንብ የተወሰነ ልኬት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የ7 ቁጥር አይረን ሎፍት በአብዛኛው 35 እና 36 ዲግሪ አካባቢ ነበር። ዛሬ ለልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የሚሠራው የተቀጠቀጠ 7 ቁጥር 34 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ለጀማሪዎችና ለመካከለኛ ተጫዋቾች የሚሠራው ግን 30 ዲግሪ፣ አልፎ ተርፎም ከዚያ በታች ሆኖ ይገኛል።

በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል የሚኖረው የተለመደ ልዩነት 4 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ለመካከለኛ ተጫዋች ከ9 እስከ 10 ሜትር ያህል የርቀት ልዩነት ያመጣል። እንግዲህ 29 ዲግሪ የነበረውን 7 ቁጥር ትቶ 34 ዲግሪ የሆነውን የገዛ ሰው፣ በስሙ አንድ ዓይነት ዱላ ቢይዝም በተግባር የያዘው የቀድሞውን 8 ቁጥር ነው። ጉልበቱ አልቀነሰም፤ ብረቱም ኃይል አላጣም። የተለወጠው ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ማዕዘን ነው።

ሌላው የሚዘነጋው ነገር አዲስነቱ ራሱ ነው። አሮጌው ዱላ በአገልግሎት ብዛት በፊቱ ላይ ያሉት ጎድጓዳ መስመሮች ተበልተዋል፤ የእጅ መያዣውም ደርቆ አንሸራታች ሆኗል። አዲሱ ግን መስመሮቹ ስለታም፣ መያዣውም ጨበጥ የሚያደርግ ነው። ኳሷ እርጥብ ሣር ላይ ሆና እንኳ በቂ ሽክርክሪት አግኝታ በአረንጓዴው መደብ ላይ ስትቆም፣ ተጫዋቹ ምስጋናውን ለቅጥቀጣው ያቀርባል። ተመሳሳይ ውጤት ከአዲስ ቀልጦ የተሠራ ዱላም ይገኝ ነበር። የእነዚህ መስመሮች ተጽእኖ ቀላል አለመሆኑን የሚያሳየው የጎልፍ ደንብ አውጪ አካላት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በፕሮፌሽናል ውድድሮች የመስመሮቹን መጠንና የጠርዛቸውን ስለት የሚገድብ ደንብ ተግባራዊ ማድረጋቸው ነው።

ቅጥቀጣ በእርግጥ የሚሰጠው ጥቅም

ከላይ የተዘረዘሩት ነጥቦች ቅጥቀጣ ጥቅም የለውም ወደሚል ድምዳሜ ሊወስዱ አይገባም። ተጨባጭ ጥቅሙ ግን በማስታወቂያ ብዙም የማይነገርለት ነው። አነስተኛ ካርቦን ያለው የተቀጠቀጠ ብረት በቀላሉ ስለሚታጠፍ፣ ባለሙያው ራሱን በማጠፊያ መሣሪያ ይዞ ማዕዘኑን ከተጫዋቹ ቁመትና አመታት ጋር ማስማማት ይችላል። ዘንጉ ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ለተጫዋቹ ካልተስማማ ጥሩ ምት እንኳ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይስታል። በማቅለጥ የሚሠሩ አንዳንድ የማይዝጉ ብረቶች ግን እጅግ ጠንካራ በመሆናቸው ለማጠፍ አስቸጋሪ ናቸው፤ በግድ ሲታጠፉም ሊሰበሩ ይችላሉ።

ይኸው ባሕርይ የራሱ ዕዳ አለው። በቀላሉ የሚታጠፍ ብረት በተደጋጋሚ መሬት ሲመታም ከቦታው ሊነቃነቅ ይችላል። በዚህም ምክንያት አዘውትረው የሚጫወቱ ሰዎች የዱላዎቻቸውን ማዕዘን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ማስለካት ይኖርባቸዋል። ጭረቱና ስርጉዱም የዚሁ ለስላሳነት ውጤት እንጂ የጥራት ጉድለት ምልክት አይደለም። ከጨዋታ በኋላ ራሱን ማጽዳትና ማድረቅ፣ በቦርሳ ውስጥም እንዳይጋጭ መሸፈን ጉዳቱን ይቀንሰዋል።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው «የተቀጠቀጠ» የሚለው መለያ ዛሬ አንድ ወጥ ትርጉም የሌለው መሆኑ ነው። ለምሳሌ ቴይለርሜድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው «ፒ 790» የተቀጠቀጠ ተብሎ የሚሸጥ ቢሆንም ውስጡ ክፍት ነው። በስስ ፊቱ ኋላ ያለው ክፍት ቦታም ድምፁን በሚያለዝብ አረፋ መሰል ነገር ይሞላል። በአንጻሩ ያው ኩባንያ ለታይገር ዉድስ የሠራውና ዉድስ እ.ኤ.አ. በ2019 የማስተርስ ውድድርን ያሸነፈበት ዱላ ሙሉ በሙሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ በርቀትም፣ በድምፅም፣ ስህተትን በመቻልም የተለያዩ ናቸው።

እንዴት ይመዘን

ታዲያ አዲስ ዱላ ያሰበ ሰው የራሱን ተሞክሮ በምን መንገድ ይመዝን? ባለሙያዎች የሚመክሩት ሥርዓት አስቸጋሪ አይደለም።

በመጀመሪያ አሮጌውና አዲሱ ዱላ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ኳስ መሞከር አለባቸው። የንጽጽሩ መሠረት በዱላው ላይ የታተመው ቁጥር ሳይሆን የሎፍቱ ዲግሪ መሆን ይኖርበታል። ከተቻለ የዘንጉ ክብደትና ጥንካሬም ተመሳሳይ ቢሆን ይመረጣል፤ ለራሱ የተሰጠው ምስጋና ወይም ወቀሳ በእርግጥ የዘንጉ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በሁለተኛ ደረጃ ከእያንዳንዱ ዱላ ከአሥር ያላነሱ ምቶች ተመዝግበው አማካያቸውና ልዩነታቸው መታየት አለበት። ተጫዋች በተፈጥሮው የሚያስታውሰው ምርጡን ምት ነው። ጨዋታን የሚወስነው ግን በአመዛኙ መጥፎው ምት የት ወደቀ የሚለው ነው። ለዚህም የኳስን ፍጥነትና በረራ በራዳር ወይም በካሜራ የሚለኩ መሣሪያዎች በየማሠልጠኛው ይገኛሉ።

በሦስተኛ ደረጃ የድምፅን ድርሻ ለመለየት ጆሮን ሸፍኖ ጥቂት ምቶችን መምታት ይጠቅማል። በመጨረሻም የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ካለፈ በኋላ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ወራት ቆይታ በኋላ፣ ያንኑ ልኬታ ደግሞ ማካሄድ ተገቢ ነው። በጥሩ ስሜት የተገዛ መሣሪያ ውጤት ማምጣቱ ወይም አለማምጣቱ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ከሜዳው ውጭ

ስለ ጎልፍ ዱላ የተነሳው ይህ ጉዳይ ጎልፍ ለማይጫወት አንባቢም መልእክት አለው። በመሥሪያ ቤቶችም አዲስ መሣሪያ ወይም አዲስ አሠራር ሲገባ ከተጠቃሚዎች የመጀመሪያ አስተያየት ይሰበሰባል። አስተያየቱ በአብዛኛው እውነተኛ ነው፤ ሠራተኛው የቀለለውን ቀሎኛል፣ የከበደውን ከብዶኛል ይላል። ስህተቱ የሚመጣው አስተያየቱ ያለ ምርመራ ወደ ምክንያት ሲለወጥና በዚያ ምክንያት ላይ ተመሥርቶ የግዥ ዝርዝር ሲዘጋጅ ነው። «የተቀጠቀጠ ይሁን» የሚል ዝርዝር ያወጣ ገዥ ከላይ እንደታየው እጅግ የተለያዩ ዕቃዎች ሊቀርቡለት ይችላሉ። «ይህን ያህል ይታጠፍ፣ ይህን ያህል ርቀት ይስጥ፣ ስህተትን በዚህ መጠን ይቻል» ያለው ግን የሚፈልገውን ያገኛል።

ሆጋን የመጀመሪያ ምርቱን ከገበያ ያገደው በእጁ የተሰማውን ችላ ባለማለቱ ነበር። ሶልሃይም የቆየውን እምነት የለወጠው ደግሞ የተሰማውን ወደ ጥያቄ፣ ጥያቄውን ወደ ልኬት በማሻገሩ ነው። የተጠቃሚ ምስክርነት መነሻ እንጂ መደምደሚያ አለመሆኑን ሁለቱም በሥራቸው አሳይተዋል። አዲሱን ዱላ ይዞ ወደ ሜዳ የሚወጣ ተጫዋችም የሚሰማውን ለስላሳነት ደስ ብሎት ሊቀበለው ይገባል፤ ለአሮጌው ዱላ መሸኛ ከመስጠቱ በፊት ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መለካት ይኖርበታል።